ወደ ቀኝ ካዘነበለች ጀልባ ለጓድ ቆንስል

ጄኔቫ፣ ሚያዝያ ፲፱፻፸፬ ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ኃይለመለኮት ፍቅሬ
የቆንስላ ጉዳይ ኃላፊ
ጄኔቫ

ጉዳዩ፦ በአደራ ስለ ወሰዱት ሰው

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ እርስዎ፣ የተከበሩት ባለቤትዎና ልጆችዎ እንደምን ከረማችሁ? ብርዱ በጠናበት ሰሞን ከሐይቁ የሚነሣው ነፋስ በመስኮታችሁ ሽንቁር እንዳልገባ፣ ማሞቂያውም እንዳላስቸገራችሁ ተስፋዬ ነው። እኔ፣ አምላክ ይመስገን፣ ወይም እርስዎ በሚመርጡት አነጋገር በሰፊው ሕዝብ ትግል፣ ደኅና ነኝ። ደኅና ነኝ የምለው ደብዳቤ የሚጀምር ሰው ሁሉ እንዲህ ስለሚል ነው እንጂ፣ እውነተኛውን ሁኔታዬን ከዚህ በታች አቀርባለሁ።

ይህን ደብዳቤ በግልጽ የጻፍሁት ክብርዎን ንቄ አይደለም። በፖስታ አሽጌ የላክኋቸው ሁሉ መልስ ስላጡ፣ ከሥራዎ ብዛት የተነሣ ፖስታ መክፈት ቢያደክምዎ ነው ብዬ ያለ ፖስታ መላክን መረጥሁ። የጄኔቫና የዙሪክ ወገኖቻችን ከቅዳሴ በኋላ የሚያድሏት፣ በማባዣ የምትባዛ ጋዜጣ ቦታ ሰጥታኛለች። ስለዚህ እርስዎ ጠንቅቀው የሚያውቁትን ነገር ለማያውቁት አንባቢዎች ስል ከሥሩ ብተርከው እንዲታገሡኝ በትሕትና እለምናለሁ።

እኔ የወይንሐረግ ተክለሃይማኖት እባላለሁ። አዲስ አበባ ሳለሁ በአንድ ሚኒስቴር የጽሕፈት መኪና እመታ ነበር፤ ለባለሥልጣን እንዴት እንደሚጻፍ የተማርሁትም እዚያ ነው። ባለቤቴ ንዋይ ወልደሥላሴ የወንዝና የግድብ ባለሙያ ነው። በ፲፱፻፷፯ ዓ.ም. መግቢያ ላይ መንግሥት ለአንድ ዓመት ትምህርት ጄኔቫ ሲልከው አብሬው መጣሁ። ልጃችን ፍቅርተማርያም ገና የሁለት ዓመት ልጅ ስለ ነበረች፣ ለአንድ ዓመት ብለን በዚህ ብርድ ምን አንገላታት አልንና ጉለሌ ለሚኖሩት ለንዋይ ታላቅ እህት ለእትዬ ብዙነሽ ትተናት መጣን። ዓመቱ ሲያልቅ ንዋይ እዚሁ በአንድ ዓለም አቀፍ መሥሪያ ቤት ሥራ አገኘ፤ መንግሥትም ፈቀደለት። ለልጃችን ግን የመውጫ ፈቃድ የሚሰጠን አጣን። ዛሬ ነገ ስንባል በ፲፱፻፸ ዓ.ም. ንዋይ ራሱ በአስቸኳይ ወደ አገር ቤት እንዲመለስ ታዘዘ። እንዲህ ያለ ትእዛዝ ቀደም ብሎ ደርሷቸው የተመለሱ ሁለት ባልደረቦች ነበሩት። አንደኛው ከአውሮፕላን ማረፊያው ቤቱ አልደረሰም፤ የሁለተኛውን አስከሬን እናቱ መንገድ ዳር አገኙት። ንዋይ ያን ጊዜ አልሄደም። ባለመሄዱም ሥራው፣ ከሥራው ጋር መታወቂያው፣ ከመታወቂያው ጋር ቤታችን ሄደ።

ታዲያ ጥገኝነት ለምን አልጠየቃችሁም የሚል አንባቢ ይኖራል። ጥገኝነት የጠየቀ ሰው ከሃዲ ይባላል፤ የከሃዲ ልጅ ደግሞ ከአገር አትወጣም። ስለዚህ ጊዜው ያለፈበት ፓስፖርታችንን ይዘን በእርስዎ ጽሕፈት ቤት ደጅ እየጠናን፣ ዜጋም ስደተኛም ሳንሆን ቆየን። እዚህ ፔርሚ የሚሉት የመኖሪያ ፈቃድ የሌለውን ሰው ቤት አከራይ አያስጠጋውም። ዙሪክ የምትኖረው እኅቴ ሕብስት፣ አልትሽቴተን በሚባል ሰፈር ቢሮ እያጸዳች የምታድርባት አንዲት ክፍል ነበረቻትና ኑ፣ ተጣበን እንኑር ብላን ነበር። ከዚህ ክፍለ ግዛት ወደዚያ ለመዛወርም ያው ፔርሚ ያስፈልጋል።

ያስጠጋን ወንዝ ነው። ሙሴ ሮሻ የሚባሉ ሽማግሌ በሮን ወንዝ ላይ አሸዋና ጠጠር ሲያመላልሱ የኖሩባት አሮጌ የብረት ጀልባ ነበረቻቸው። ስሟ ሲዶኒ ነው። እርሳቸው ሲያረጁ እርሷም አረጀችና፣ ሮን አርቭ ከሚባለው ወንዝ ጋር ከሚገናኝበት ትንሽ ዝቅ ብላ በግራው ዳርቻ ታሥራ ቀረች። ንዋይ እየጠበቃትና እየጠገናት እንድንኖርባት ፈቀዱልን።

መንገደኞች ከዳር ቆመው ፎቶግራፍ ያነሡናል፤ ኑሯችን ሽርሽር ይመስላቸዋል። እኛ የምናድረው ቀድሞ ጠጠር ይጫንበት በነበረው ሆዷ ውስጥ ነው። በብርድ ጊዜ የገዛ ትንፋሻችን ብረቱ ላይ ውኃ ይሆንና ብርድ ልብሳችን ላይ ይንጠባጠባል፤ ሲብስ ብርድ ልብሱ ከግድግዳው ጋር በበረዶ ይጣበቃል። ጠዋት ተነሥቶ የመጀመሪያው ሥራ ሌሊቱን የሠረገውን ውኃ በእጅ ፓምፕ መቅዳት ነው፤ ያን ያልሠሩ ቀን ጫማ ተንሳፍፎ ይገኛል። የሚጠጣ ውኃ ከመናፈሻው ቧንቧ በጀሪካን ይመጣል። በረዶ ሲቀልጥ አርቭ ይሞላል፤ ገመዱን እየተነሡ ማላላት ነው፤ ካልላላ ጀልባዋን ወደ ታች ይዞ ያሰጥማታል። ልብሳችን ሁሉ ሻጋታ ሻጋታ ስለሚል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ከአጠገቤ የሚቆሙ ወይዛዝርት ነጠላቸውን ወደ አፍንጫቸው ጠጋ ያደርጋሉ። አልቀየማቸውም። እኔም በእነርሱ ቦታ ብሆን ሳላደርገው አልቀርም።

እንግዲህ ሁኔታችንን ካስረዳሁ ዘንድ፣ ለክብርዎ ያለኝን ምስጋና በተራ ቁጥር እንዳቀርብ ይፈቀድልኝ።

፩ኛ/ ስለ አድራሻችን ላሳዩት ጥንቃቄ አመሰግናለሁ። ፓስፖርታችንን ለማሳደስ ስንመጣ የሚሰጠን ቅጽ ከፍተኛ፣ ቀበሌ፣ የቤት ቁጥር እያለ ይጠይቃል። ንዋይ ከፍተኛ በሚለው ላይ “ሮን”፣ ቀበሌ በሚለው ላይ “ግራ ዳርቻ”፣ የቤት ቁጥር በሚለው ላይ “ሲዶኒ” ብሎ ሞላ። እርስዎ ራስዎ እስከ መስኮቱ ድረስ ብቅ ብለው፣ “ጀልባ ቤት አይደለም። ነገ ተነሥታ ብትሄድስ የት ብለን እንፈልጋችኋለን?” አሉት።

“ብትሄድ እኛም ደስ ባለን ነበር፤ ሞተር የላትም” አለዎ።

እርስዎ አልሳቁም። ፓስፖርታችንም አልታደሰም።

፪ኛ/ ለልጃችን የመውጫ ፈቃድ ያቀረብነው ማመልከቻ ከብዙ ዓመት በኋላ ሲንቀሳቀስ፣ ለሕፃን ተስማሚ መኖሪያ እንዳለን የሚያጣራ ባለሙያ ስለ ላኩልን አመሰግናለሁ። የላኳቸው ጓድ አስፋ ጨዋ ወጣት ናቸው፤ ጥፋቱ የእርሳቸው ሳይሆን የቀኑ ነው። በየጥቂት ዓመቱ ከታች ያለው ግድብ ደለሉን ለማጠብ በሩ ይከፈትና የወንዙ ውኃ ይወርዳል። ጓድ አስፋ የመጡት ባለፈው ሰኔ ልክ ውኃው በወረደበት ቀን ነበር። ሲዶኒ ሆዷ ጭቃው ላይ አርፎ፣ አንዱ ጎኗ ድንጋይ አግኝቶ፣ ወደ ቀኝ ጋደል ብላ ቆማለች።

ለእንግዳ ክብር ብዬ ያቀረብሁላቸው ሰሃን ተንሸራትቶ ከጭናቸው ላይ አረፈ። እርሳቸውም አንድ እጃቸውን ግድግዳው ላይ ተክለው፣ “ቤቱ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?” አሉ።

“የለም፤ ግድቡ እየታጠበ ስለ ሆነ ነው። ውኃው ሲመለስ ቀጥ ይላል” አላቸው ንዋይ።

“መቼ ይመለሳል?”

“በዚሁ ሳምንት።”

“እኔ የማየው የዛሬውን ነው” አሉና ጻፉ።

ከዚያ ንዋይ ለልጃችን ብሎ የሠራውን አልጋ አሳያቸው። ጀልባዋ ስትወዛወዝ እንዳትወድቅ ዳሩን ከፍ አድርጎ፣ እንጨቱን በአሸዋ ወረቀት አለስልሶ የሠራው ነው። ጓድ አስፋ አልጋውን በእጃቸው ዳሰሱት። “ጥሩ አልጋ ነው” አሉ። ይህን ግን አልጻፉትም።

በኋላ እርስዎ ከሪፖርቱ ያነበቡልን ቃል እንዲህ ይላል፦ “የመኖሪያ ቤቱ አቋም ወደ ቀኝ ያዘነበለ ሆኖ ተገኝቷል።” ክቡር ሆይ፣ በሥራ ዘመኔ ስንት ሪፖርት መትቻለሁ፤ ቀኝ መንገደኛ ተብላ የተከሰሰች ጀልባ ግን አላጋጠመችኝም። እኔ በዚያ ቀን ከደጅዎ እንደ ወጣን መንገድ ላይ ቆሜ እስኪያመኝ ሳቅሁ። ንዋይ አልሳቀም። ማመልከቻችን ውድቅ ሆነ። ውኃው እንደ ተባለው በዚያው ሳምንት ተመለሰና ሲዶኒ ቀጥ አለች፤ ሪፖርቱ ግን እንዳዘነበለ ቀረ።

፫ኛ/ ስለ ቃልዎ አመሰግናለሁ። ይህን በአጭሩ ማለፍ አልችልም።

ባለፈው መስከረም ከጉለሌ ወሬ መጣልን። እትዬ ብዙነሽ ዓይናቸው እየጠፋ ነበር። ቤተ ክርስቲያን የምትወስዳቸው፣ ቀበሌ ተሰልፋ ዘይትና ዱቄት የምታመጣላቸው፣ ምግብም የምታበስለው ፍቅርተማርያም ናት። ድስት ስታወርድ እጇ መቃጠሉን፣ እርሳቸውም ስላላዩት እስከ ማግስቱ ድረስ ሳትነግራቸው ችላ ማደሯን ጎረቤት ጻፈችልን። ንዋይ ያን ካነበበ በኋላ ምግብ አልበላ አለ። ወደ ጽሕፈት ቤትዎ ሄድን፤ እኔም ነበርሁ።

ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ወንበር ሰጡን። ሻይም አስመጡልን። “ጓድ ንዋይ፣ አብዮቱ ቂም አይዝም” አሉት። “የእርስዎ ጉዳይ ተዘግቷል። ነገር ግን ሕፃን በውክልና አትወጣም፤ ሕጉ አይፈቅድም። ራስዎ ሄደው ይፈርሙና ይረከቧት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ሁላችሁም እዚሁ ናችሁ።”

እኔ፣ “ቢይዙትስ?” ብዬ ጠየቅሁ።

ደረትዎ ላይ እጅዎን አድርገው፣ “በእኔ ይሁንብዎ፣ እመቤት” አሉኝ።

ጓድ አላሉኝም፤ እመቤት አሉኝ። አንድ የአገሬ ሰው እንደዚያ ብሎ ከጠራኝ ቆይቶ ስለ ነበር ልቤ ተንበረከከ፤ ለዚህም ራሴን ታዝቤዋለሁ። በእኔ ይሁንብዎ ማለት በአማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ይሆንብኛል። ጋዜጣይቱን የሚያነቡ፣ እዚህ አገር የተወለዱ ልጆች ግን አሉና ለእነርሱ ልንገራቸው፤ ዋሱ እኔ ነኝ፣ ሰውየው ቢጠፋ ከእኔ ጠይቂ ማለት ነው። ይኸው እየጠየቅሁ ነው።

ከእርስዎ ዘንድ ወጥተን በወንዙ ዳር ወደ ጀልባችን ስንመለስ፣ እባክህ አትሂድ አልሁት። “እዚህ ተቀምጬ ምን አባቷ ነኝ?” አለኝ። “እኔ የማውቃት በፎቶግራፍ ነው፤ እሷም የምታውቀኝ በፎቶግራፍ ነው። የተቃጠለው እጇ የግራው ይሁን የቀኙ እንኳ አላውቅም።”

“ሁለታችሁንም ባጣስ?” አልሁት።

“ሁለታችንንም አታጪም። አንዳችንን ታገኛለሽ” አለኝ።

ያን ጊዜ ትቶኝ ለመሄድ የፈለገ መስሎኝ ተቆጣሁት። አሁን ሳስበው የእርስዎን ቃል ከእኔ ይልቅ እርሱ በትክክል ተርጉሞት ነበር። ከመሄዱ በፊት ገመዱን ሁሉ ደርቦ አሠረው። አርቭ ሲሞላ የቱ ቀድሞ እንደሚላላ፣ የፓምፑ ቆዳ ሲደርቅ በምን እንደሚቀባ አሳየኝ፤ አውቀዋለሁ ብዬው እንኳ እንደገና አሳየኝ። የድንጋይ ከሰሉን ከርጥበት አርቆ ከደረደረ በኋላ ሱፉን ለበሰ። በጥቅምት ሄደ።

፬ኛ/ በኅዳር ስለ ላኩልኝ ቴሌግራም አመሰግናለሁ። ሕፃን ፍቅርተማርያም ንዋይ በዚህ ቀን ጄኔቫ ትገባለች ይላል። አባቷን አያነሣም። ሮጬ መጥቼ አባቷስ ብዬ ጠየቅሁ። “ጥቂት የሚፈርማቸው ወረቀቶች አሉ፤ ይከተላል” ተባልሁ። በተባለው ቀን ጄኔቫ አውሮፕላን ማረፊያ ቆሜ ዋልሁ። ከየአገሩ የመጣ ሕፃን ሁሉ በፊቴ አለፈ። ልጄ ያረፈችው ዙሪክ ነበር። አንዲት የከተማ ስም መሳሳት በማንም ላይ የሚደርስ ነገር ስለ ሆነ ይህን እንደ ቅሬታ አይቁጠሩብኝ።

ንዋይ ግን የእናንተን ቴሌግራም አላመነም ኖሯል። ጀልባችን ስልክ ስለሌላት፣ የእኅቴን የሕብስትን ስምና ስልክ በልጅቷ ኮት ገበር ላይ በቀለም ጽፎት ነበር። የማረፊያው ሠራተኞች ደወሉላት። ሕብስት የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ከአልትሽቴተን ተነሥታ፣ ኦርሊኮን ላይ ባቡር ቀይራ ስትደርስ፣ ልጅቷ አንገቷ ላይ ካርድ ተንጠልጥሎላት፣ ኮቷን እስከ አንገቷ ቆልፋ፣ ወንበር ላይ ተቀምጣ አገኘቻት። አዳራሹ ይሞቃል፤ ግንባሯ በላብ ረጥቧል። አላለቀሰችም።

“አንቺ ነሽ እናቴ?” አለቻት።

“አይደለሁም የኔ ልጅ፤ እኅቷ ነኝ” አለቻት ሕብስት።

“ኮቴን ላውልቀው?”

“አውልቂው እንጂ።”

“ደርሻለሁ ማለት ነው?”

ሕብስት ይህን በነገረችኝ ቁጥር ታለቅሳለች።

ክቡር ሆይ፣ ከዚህ በኋላ ቁጥር መስጠቱን ትቼዋለሁ። ነገሩ እየተቆጠረ የሚቀርብ አልሆነልኝም።

ሕብስት ልጄን በማግስቱ ይዛት መጣች። ልጄ ከዳርቻው ወደ ጀልባዋ የሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ቆመችና ቤቱ የት ነው አለች። ይኸው አልኋት። ዞር ዞር ብላ አየችና ገባች። የሆነውን የነገረችኝ ከሰነበተች በኋላ፣ እኔ ስጠይቃት ሳይሆን በራሷ ጊዜ፣ እግሯን ሳጥባት ነው። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ አባቷ እጇን ይዞ እስከ ፖሊሱ ጠረጴዛ ወሰዳት፤ ፈረመ። ሁለት ሰዎች መጡ። አንደኛው፣ “ጓድ ንዋይ፣ ለአጭር ጥያቄ ነው” አለው። አባቷ በርከክ አለና ኮቷን ከታች ጀምሮ እስከ አንገቷ ቆለፈላት። “እስክትደርሺ እንዳታወልቂው” አላት። ከዚያ እጇን ለቀቀ። “የያዘኝ እጁ ቀዝቅዞ ነበር” አለችኝ። ሌላ የነገረችኝ የለም።

እትዬ ብዙነሽ፣ ዓይናቸውን ለእኔ ልከውልኝ፣ አሁን ጎረቤት እየመራቸው ስንቅ ይዘው ከእስር ቤት እስር ቤት ዞሩ። በየበሩ እንዲህ ያለ ሰው የለም ሲባሉ ከርመው በጥር ወር አንድ በር ላይ የሚቀበላቸው አገኙ። የምሳ ዕቃው ባዶውን ተመለሰላቸው። ባዶውን ስል ግን ፈጽሞ አይደለም። ንዋይ ከልጅነቱ ጀምሮ ቃሪያ አይወድም፤ እየለቀመ በሰሃኑ ዳር ይደረድረዋል። እትዬ ብዙነሽ በጣታቸው ሲዳስሱ ቃሪያው ከዳር ተደርድሮ አገኙት። ስልክ የሚያስደውልላቸው ሰው ፈልገው፣ ሕብስት ዘንድ ዙሪክ ደውለው፣ “ቃሪያው ተለቅሟል በያት” ብቻ ብለው ዘጉ። ሕብስት ነገሩ አልገባትም ነበር። እኔ ግን ስሰማው በሕይወት እንዳለ አወቅሁ። ያን ሰሞን ወንዙን እንኳ ወደድሁት፤ ፓምፑን ስቀዳ እዘፍን ነበር።

እትዬ ብዙነሽ ወሩን ሙሉ ወሰዱለት፤ ቃሪያውን ሆን ብለው እያበዙ ይሠሩለት ነበር። በየካቲት ያው በር ላይ፣ ያው ድምፅ፣ “እንዲህ የሚባል ሰው እኛ ዘንድ ኖሮም አያውቅም” አላቸው። እርሳቸውም፣ “ልጄ፣ ዓይኔ እንጂ ጆሮዬ ደኅና ነው፤ ትናንት ወዲያ የተቀበልኸኝ አንተ ነህ” አሉት። ምሳ ዕቃውን እንደ ሞላ ይዘው ተመለሱ።

እኔም ደጅዎን ጠናሁ። ፀሐፊዎ በቃል ያደረሰችኝ የመጨረሻ መልስዎ፣ ባለቤቴ ልጁን በሰላም አሳፍሮ፣ በራሱ ፈቃድ አገሩን ለማገልገል መቅረቱን ያበሥራል። የእስር ቤቱ በረኛ ኖሮም አያውቅም ይላል፤ እርስዎ ወዶ ቀርቷል ይላሉ። ሁለታችሁም የመንግሥት ሰዎች ስለ ሆናችሁ አንዳችሁን ሐሰተኛ ለማለት ቀና ብዬ መናገር አይቻለኝም። ስለዚህ አንድ ጥያቄ ብቻ አለኝ። ቃሪያውን ማን ለቀመው?

ዝም ብትዪ ይሻለዋል፣ ስሙን ባነሣሽው ቁጥር ታስጨርሺዋለሽ ብለው የመከሩኝ ወዳጆች አሉ። ከኅዳር ጀምሮ ምክራቸውን ሰማሁ። የእኔ ዝምታ ለእርሱ ብርድ ልብስ አልሆነለትም፤ ስንቅም አላስገባለትም። አሁን ስሙን በአደባባይ የጻፍሁት ደፋር ስለ ሆንሁ አይደለም፤ የምፈራው ነገር ተራ በተራ ስለ ደረሰብኝ ነው።

አሁን አርቭ እየሞላ ነው፤ ገመዱን ብቻዬን አላላለሁ። ልጄ አባቷ በሠራው አልጋ ላይ ትተኛለች፤ እርጥበቱ ሳል አስይዟታል። እዚህ ያሉ የሕፃናት ጉዳይ ሰዎች መጥተው፣ በሚቀጥለው የብርድ ወራት ይህች ልጅ ጀልባ ላይ ማደር የለባትም አሉኝ። እውነታቸውን ነው። ቤት እንዳገኝ ፔርሚ፣ ፔርሚ እንዳገኝ ጥገኝነት መጠየቅ አለብኝ፤ ጥገኝነት ብጠይቅ ንዋይ የከሃዲ ባል ይሆናል። ትናንት በልጄ እንደ ታሠርሁ ዛሬ በአባቷ ታሥሬአለሁ። አለበለዚያ እንደገና ለሰው አሳልፌ ልሰጣት፣ ዙሪክ ሕብስት ዘንድ ልልካት ነው። ልጄ፣ ክቡር ሆይ፣ እስካሁን እርስዎ እያለች ነው የምትጠራኝ። “ውኃ ልስጥዎ?” ትለኛለች። “ፓምፑን ልያዝልዎ?” ትለኛለች። እትዬ ብዙነሽ በጨዋ ደንብ አሳድገዋታል። አንቺ በዪኝ ብዬ ለመንኋት፤ እሺ ትልና ደግሞ ትረሳዋለች።

የምለምንዎ ትንሽ ነገር ነው። ይፈታ አላልሁም፤ ሥልጣንዎ እስከ የት እንደ ሆነ አላውቅም። የትኛው በር እንደ ሆነ ይንገሩኝ፤ እትዬ ብዙነሽ እየዳሰሱም ቢሆን ይደርሳሉ። ሞቶም እንደ ሆነ ይንገሩኝ። ፍታት ይደረግለታል፤ እኔም ጥቁር እለብሳለሁ፤ ልጄም አባቷ ጥሏት እንዳልቀረ ታውቃለች። በሕይወት ይኑር አይኑር ሳላውቅ ጸሎት ላይ ስቆም፣ ስሙን ከሕያዋን ጋር ይሁን ከሙታን ጋር ላንሣው አላውቅም። ቄሱም አላወቁልኝም።

ለሰጡኝ ወንበር፣ ላጠጡኝ ሻይ፣ እመቤት ብለው ለጠሩኝ ጥሪ፣ ልጄንም በአንዲት ከተማ ስሕተት ብቻ በሕይወት ስላስረከቡኝ ያለኝ ምስጋና ወሰን እንደሌለው እየገለጽሁ፣ ለክብርዎ ረጅም ዕድሜ፣ ለቤተሰብዎ አብሮ መኖርን እመኛለሁ። ደብዳቤ የሚዘጋበት መፈክር መኖሩን አልዘነጋሁም። ነገር ግን መፈክሩ ውስጥ አብዮታዊት እናት ሀገርም አለች፣ ሞትም አለ፤ ከሁለቱ ለንዋይ የደረሰው የትኛው እንደ ሆነ እስካውቅ ድረስ ልጽፈው አልደፍርም።

እጅ እየነሣሁ እሰናበታለሁ፤

የወይንሐረግ ተክለሃይማኖት
የአቶ ንዋይ ወልደሥላሴ ባለቤት

ማስታወሻ፦ በመጪው ሰኔ ለአዲስ ሹመት ወደ አገር ቤት መጠራትዎን ሰምተን ደስ ብሎናል። እኅቴ ሕብስት አሁን ዙሪክ አጠገብ ረገንስዶርፍ ውስጥ የአንድ ትልቅ የኪራይ ሕንፃ ደረጃ ታጸዳለች። ባለፈው ሰሞን የተከበሩት ባለቤትዎ እዚያ ሕንፃ ውስጥ የሚከራይ ቤት ሲያዩ አግኝታቸው እንደምን ዋሉ ብላቸው ነበር፤ ቸኩለው ኖሮ አልመለሱላትም። ሹመቱን ትቶ እዚህ መቅረት የሚፈልግን ሰው ከእኔ የበለጠ የሚረዳው የለምና አልፈርድብዎትም። ይህን በጋዜጣ በማንሣቴም ጉዞዎን እንዳላወክሁብዎ ተስፋ አደርጋለሁ። የረገንስዶርፉ ቤት ባይሳካ ጀልባችን ላይ ለአንድ ቤተሰብ የሚሆን ቦታ አይጠፋም፤ ፓምፑን በተራ እንቀዳለን። ሳንቃውን ከመሻገርዎ በፊት ግን የበሩን ስም ይነግሩኛል።

ግልባጭ፦
ለአቶ ንዋይ ወልደሥላሴ
ባሉበት።